ዳታዬ ወጥቷል፤ ዕዳዬስ?

አንድ የማውቀው ሰው አመሻሽ ላይ ደወለልኝ። ድምፁ ሎተሪ የደረሰው ሰው ድምፅ ነው። የተበደረበት ድርጅት ሀክ ተደርጎ የደንበኞች መረጃ ወጥቷል፤ ለእሱም መልእክት ልከውለታል። «የግል መረጃዎ ካልተፈቀደለት ሰው እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ለተፈጠረው ሁኔታ ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለውን እንደ ምሥራች አነበበልኝና «አጠፉ አይደል? እንግዲህ ብድሩ ቀረልኝ ማለት ነው» አለኝ።

አልቀረለትም።

ጥያቄው ግን የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሌላው ወገን ካጎደለ እኔ ብቻ ለምን እገደዳለሁ የሚለው ስሜት በብዙ ውሎች ላይ ልክ ነው። ዕቃውን ሳያስረክብ ዋጋ አምጣ የሚልን ሻጭ «መጀመሪያ ዕቃውን» ማለት ይቻላል። ብድር ላይ ይህ የማይሠራው አበዳሪው ዋናውን ግዴታ ገና ከጅምሩ ስለጨረሰ ነው፤ ገንዘቡን ሰጥቷል፣ ተበዳሪው ወስዶ ጉዳዩን ፈጽሞበታል። የደንበኛን መረጃ መጠበቅ ሌላ ግዴታ ነው፤ ሕግ ከውሉ ጎን የጫነበት። እሱን ሲያጎድል የሚመጣበት መዘዝም የራሱ ነው፦ ካሳ፣ አስተዳደራዊ ቅጣት፣ አንዳንዴም የወንጀል ክስ። የሕግ ሰዎች እንደሚሉት ሁለቱ በሁለት መዝገብ የሚታዩ ናቸው። የአንዱ መከፈት ሌላውን አይዘጋም።

ዕዳ የሚቀርባቸው መንገዶች ደግሞ የታወቁ ናቸው። መክፈል፣ አበዳሪው ሲምር፣ ፍርድ ቤት ውሉን ሲያፈርሰው፣ ይርጋ ሲያግደው (የመጠየቂያ ጊዜው ሲያልፍ)፣ የግለሰብ ኪሳራ ሕግ ባለበት አገር ደግሞ በዚያ ሥርዓት ማለፍ። «ዳታዬ ወጣ» የሚል የለበትም። ትንሽ የሚቀርበው ማቻቻል የሚባለው ነው። 1,000 ዕዳ አለብኝ፣ በመረጃዬ መውጣት ምክንያት ደግሞ 200 ካሳ ተፈረደልኝ እንበል፤ ያኔ ተቻችሎ 800 እከፍላለሁ ማለት እችላለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ካሳው መጀመሪያ መጠኑ መታወቅ አለበት። «ተናድጃለሁ፣ ስለዚህ ተቻችሏል» የሚባል ነገር የለም። ወዳጄ ሊያደርግ የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ንዴቱን በራሱ ሒሳብ ተምኖ ከዕዳው ጋር እኩል አወጣው።

ከድርጅቱ ጋር ከዚህ በኋላ አልሠራም ማለት ይቻላል፤ አካውንት መዝጋት፣ ወደ ሌላ መሄድ። የወሰዱትን ግን መመለስ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ካሳው ራሱ እንዴት እንደሚታይ ማየት ይጠቅማል፤ ሰዎች እጅግ የሚሳሳቱበት ቦታ ነውና። ብዙ አገሮች እንደ አብነት የወሰዱት የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ በ2018 ሥራ ላይ ዋለ (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንቀጽ 82 ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳ ይገባዋል ይላል። ታዲያ ጉዳት ምንድን ነው? የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2023 የኦስትሪያን ፖስታ ድርጅት በሚመለከት ክርክር ላይ ነገሩን በሁለት በኩል ቆረጠው። ሕጉ መጣሱ ብቻውን ካሳ አያስገኝም፣ ጉዳት መድረሱን ማሳየት ያስፈልጋል አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ጉዳቱ የግድ ከባድ መሆን አለበት አይባልም አለ።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የቡልጋሪያ ጉዳይ መጣ፤ ለዛሬው ወሬያችን ከሁሉም የሚስማማው ይሄ ነው። በ2019 የቡልጋሪያ የግብር መሥሪያ ቤት ተሰብሮ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ። ከሳሿ ያቀረበችው ጉዳት ፍርሃት ነው፤ አንድ ቀን በመረጃዬ አንድ ነገር ይደረግብኛል የሚል ፍርሃት። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለው ስጋት ራሱ ጉዳት ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን በእርግጥ መኖሩ መረጋገጥ አለበት አለ። መሥሪያ ቤቱ «ሃከሮች ናቸው ያደረጉት፣ እኔ ምን አጠፋሁ» ብሎ በዚያ ብቻ እንዳያመልጥም በሩን ዘጋበት፤ በምንም መልኩ ተጠያቂ አለመሆኑን ማስረዳት የእሱ ሸክም ነው። እና ግብሩስ? የግብር ጉዳይ ከነጭራሹ አልተነሣም። መረጃውን ያፈሰሰው ግብር ሰብሳቢው ራሱ ሆኖ እንኳ «ስለዚህ ግብር አልከፍልም» የሚለው ክርክር ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ሌላው ብልሃት እንምጣ። ይህ በብዙ ቋንቋ እንደ መድኃኒት ይዘዋወራል፦ አበዳሪው ወይም ዕዳ ሰብሳቢው ጋ «መረጃዬን ሰርዙልኝ» የሚል ደብዳቤ ላክ፣ ሕጉ ያስገድዳቸዋል፣ መረጃው ከሌለ ዕዳውም የለም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት እንዲህ ያለው ነው። እውነት ነው፣ የመሰረዝ መብት አለ፤ በዚያው የአውሮፓ ደንብ አንቀጽ 17 ላይ። ሰው ግን የአንቀጹን የመጀመሪያ ግማሽ አንብቦ ይነሣል። ታች ወረድ ሲሉ መብቱ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል፤ ድርጅቱ መረጃውን የያዘው ሕግ አስገድዶት ከሆነ፣ ወይም መረጃው የሕግ ጥያቄን ለማቅረብ ወይም ለመከላከል የሚያስፈልግ ከሆነ። ያልተከፈለ ብድር ሁለተኛው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ባንኮችና አበዳሪዎች ደግሞ በሕገወጥ ገንዘብ ቁጥጥርና በሒሳብ አያያዝ ሕግ የተነሣ የከፈለውን ደንበኛ መዝገብ ሳይቀር ለዓመታት እንዲያስቀምጡ ይገደዳሉ።

ፈቃዴን አንሥቻለሁ ማለትም እንዲሁ ነው። ፈቃድ መረጃ ለመያዝ ከሚያስችሉ ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነው። የብድር መረጃ በአብዛኛው የሚያዘው በውሉ ምክንያት ስለሆነ፣ የማስታወቂያ መልእክት እንዳይልኩላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ውሉን ግን ከፋይላቸው አታስወጡትም።

የመረሳት መብት የሚባለውን ያስተዋወቀው የኅብረቱ ፍርድ ቤት የ2014 ፍርድ ራሱ መነሻው ዕዳ መሆኑ ይገርመኛል። አንድ ስፔናዊ ስሙን ጎግል ላይ ሲፈልግ ከ1998 ጋዜጣ ላይ የወጣ የሐራጅ ማስታወቂያ ይመጣበት ነበር፤ ለማኅበራዊ ዋስትና ባለበት ዕዳ ቤቱ ለጨረታ የቀረበበት። ፍርድ ቤቱ ጎግል ያንን ከስሙ ፍለጋ ውጤት ላይ እንዲያወጣ ሊገደድ ይችላል አለ። ሰዎች የሚዘሉት ነጥብ ግን ይኸውላችሁ፤ የሰውየው አቤቱታ ጉዳዩ ካለቀ ዓመታት አልፈዋል የሚል ነበር። ዕዳው እንዲረሳለት አልጠየቀም። ያለቀ ዕዳ እንደ ጥላ እንዳይከተለው ነው የጠየቀው። ጋዜጣው ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ ባለበት ቆየ።

አንዳንዱ ደግሞ ከዚህ ይራቀቃል። «መረጃው የተሰረቀ ስለሆነ በእኔ ላይ ሊጠቀሙበት አይችሉም» ይላል። ይህኛው ክርክር በእርግጥ ቀላል አይደለም፣ ትልልቅ ጠበቆች የተከራከሩበት ነው። ሊኽተንሽታይን በምትባል ትንሽ የአውሮፓ አገር አንድ ባንክ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሃይንሪኽ ኪበር የሚባል ሰው የደንበኞችን መረጃ ገልብጦ ወጣና በኋላ ለጀርመን የስለላ ድርጅት ሸጠው። በ2008 ፌብሩዋሪ ላይ ፖሊሶች የጀርመኑ ፖስታ ድርጅት የዶይቸ ፖስት አለቃ የነበሩትን የክላውስ ዙምዊንክልን ቤት ሲፈትሹ ካሜራዎች ከውጭ ቆመው ይቀርፁ ነበር። ሰውየው ከሥልጣናቸው ለቀቁ፤ በ2009 በግብር ስወራ ተፈርዶባቸው የ2 ዓመት ገደብ እስርና 1 ሚሊዮን ዩሮ መክፈል ተወሰነባቸው።

በነገራችን ላይ ከክሱ አንዱ ክፍል በይርጋ ወድቋል። የማምለጫው በር እውነትም ካለ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው፤ የቀን ቁጥር ውስጥ እንጂ የመረጃው አወጣጥ ላይ አይደለም። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2010፣ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ በ2016 በእነዚሁ የሊኽተንሽታይን መረጃዎች ተመሥርቶ የተደረገ የቤት ፍተሻን አጽንተዋል። ሌባውስ ነፃ ወጣ ማለት ነው? በፍጹም። ተመሳሳይ ሥራ በስዊዘርላንድ የሠራው ኤርቬ ፋልቻኒ፣ የኤችኤስቢሲ ባንክን የደንበኞች መረጃ ይዞ የወጣው፣ በ2015 በሌለበት 5 ዓመት ተፈርዶበታል። ሰራቂውም ይጠየቃል፣ ግብር የደበቀውም ይጠየቃል። ሁለት መዝገብ ያልኩት ይህንን ነው።

አሁን ትንሽ ጠንቀቅ ማለት ያለብን ቦታ ደርሰናል። እስካሁን የተናገርኩት እውነት ተበድረው ስለነበሩ ሰዎች ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው ግን፣ በወጣ መረጃ ሌላ ሰው በስማቸው የተበደረባቸው አሉ፤ የእነሱ ጉዳይ ፍጹም ሌላ ነው። እነሱ ከዕዳ እየሸሹ አይደለም፤ ዕዳው ከመጀመሪያውም የእነሱ አልነበረም። ውል ገብተሃል የሚለው አበዳሪ ነው፣ ስለዚህ መግባታቸውን ማስረዳት ያለበትም እሱ ነው።

ችግሩ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ጀርባ መደበቁ ነው። መረጃ ወጣ በተባለ ማግስት «እኔ አልተበደርኩም፣ ሃከር ነው» የሚል ሰው ይበዛል። አበዳሪዎች ይህንን የሚያጣሩት በስሜት አይደለም። ብድሩ የተጠየቀው በየትኛው ስልክ ነው? ያ ስልክ ከዚያ በፊትም በኋላም የማን አካውንት ሲከፈትበት ነበር? የማረጋገጫ ኮዱ የሄደው በየትኛው ቁጥር ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ገንዘቡ የገባው የት ነው? በሰባት ሰዓት የተለቀቀ ብድር ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የቤት ኪራይ ከከፈለ፣ ኪራዩም የባለ ዕዳው የራሱ ቤት ኪራይ ከሆነ፣ ያ ሃከር በጣም ደግ ሃከር ነው። እንዲህ ብሎ የሐሰት አቤቱታ ለፖሊስ የሰጠ ሰው የፍትሐ ብሔር ዕዳውን በወንጀል ለወጠው ማለት ነው። ከነበረበት የባሰ ቦታ ገባ።

እውነተኛ ተጎጂ ከሆናችሁ ግን አትዘግዩ። ለአበዳሪው በጽሑፍ ተቃወሙ፣ ለፖሊስ አመልክቱና የማመልከቻውን ቁጥር ያዙ፣ የብድር ታሪካችሁን የሚይዘው ተቋም በክርክር ላይ ያለ መሆኑን እንዲያሰፍር ጠይቁ። ዝምታችሁ በኋላ ዞሮ እንደ መቀበል ሊቆጠርባችሁ ይችላል። እንዲያስተካክሉላችሁ ብላችሁ ግማሹን እንኳ አትክፈሉ፤ ያልተበደሩትን ዕዳ በከፊል መክፈል አምኖ መቀበል ይመስላል።

ከግዴታ መሸሽ ግን የተበዳሪ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ታላላቆቹ ሽሽቶች የታዩት መረጃው በወጣባቸው ድርጅቶች ውስጥ፣ ያውም ስምና ማዕረግ ባላቸው ግለሰቦች ነው። የአውሮፓው ደንብ ድርጅቱ መረጃ መውጣቱን ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን አሳውቅ ይላል፤ በሰዎች ላይ ከባድ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ለሰዎቹም ለራሳቸው። አሜሪካም እያንዳንዱ ግዛት የየራሱ የማሳወቂያ ሕግ አለው። ያም ሆኖ ሰው ሲደናገጥ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል።

በመተግበሪያ ታክሲ የሚያስጠራው ኩባንያ ኡበር ውስጥ በ2016 የሆነውን ተመልከቱ። ሁለት ሰዎች የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና አሽከርካሪዎች መረጃ ወሰዱና ገንዘብ ጠየቁ። በዚያን ሰዓት ኩባንያው ቀደም ባለ ሌላ የመረጃ መውጣት ምክንያት በአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እየተመረመረ ነበር፤ የደኅንነት ኃላፊው ጆ ሱሊቫን ለመርማሪዎቹ ቃል ከሰጠ ገና ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ምን ተደረገ? ለሃከሮቹ 100,000 ዶላር በቢትኮይን ተከፈለ፣ ክፍያው የሶፍትዌር ቀዳዳ ለሚጠቁሙ ሰዎች ከሚሰጠው ሽልማት እንደወጣ ተደረገ፣ ሃከሮቹም ምንም መረጃ አልወሰድንም የሚል የምስጢር ጠባቂነት ወረቀት ፈረሙ። አስቡት፤ ሌባው ሰረቅኩ ብሎ እያስፈራራ አልሰረቅኩም ብሎ ሲፈርም። ነገሩ ከ1 ዓመት በኋላ ወጣ። ኩባንያው በ2018 ለግዛቶቹ 148 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሱሊቫን ግን ከኩባንያው ተነጥሎ በግሉ ተከሰሰ፤ በ2022 ምርመራ በማደናቀፍና ወንጀል በመደበቅ ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2023 የ3 ዓመት የሙከራ ጊዜ (ከእስር ውጭ በክትትል የሚያልፍ) እና 50,000 ዶላር ቅጣት ተወሰነበት። በመረጃው መውጣት ቢሆን እሱን በግል የሚያስከስሰው ነገር አልነበረም። ያስከሰሰው መሸፈኑ ነው።

ኢኩፋክስ ደግሞ አለ። የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚይዝ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ2017 የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ወጣበት፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከወራት በፊት ተለቅቆ ነበር፣ የጫነው የለም። ወሬው ለሕዝብ ከመነገሩ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ የቴክኖሎጂ ኃላፊዎች አንዱ ነገሩ ገባው። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሌላ የብድር መረጃ ኩባንያ በ2015 መረጃ ሲወጣበት የአክሲዮን ዋጋው ምን ያህል እንደወረደ ፈለገ። ብዙም ሳይቆይ የእጁን አክሲዮን በሙሉ ሸጠ። ከኪሳራ ያዳነው 117,000 ዶላር ገደማ ነው። ያገኘው 4 ወር እስር። የፍለጋ ታሪኩ ነው ያጋለጠው፤ የሌላ ሰው ዳታ ሲወጣ ለማትረፍ የሞከረው ሰው በገዛ ራሱ ዳታ ተያዘ።

ሦስተኛ ዓይነት ሽሽትም አለ፤ ይሄኛው በጣም የተለመደ ስለሆነ ሽሽት አይመስልም። «እኔ ግለሰብ ነኝ፣ የመረጃ ሕግ የኩባንያዎች ነው» የሚለው። ሕጉ በእርግጥ ለግልና ለቤት ውስጥ ጉዳይ ነፃነት ይሰጣል፤ ስልካችሁ ላይ የጓደኞቻችሁን ቁጥርና የልደት ቀን ብትይዙ ማንም አይጠይቃችሁም። ግን ያ ቤት ግድግዳ አለው። በ2003 የተፈረደ የስዊድን ጉዳይ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን የምታገለግል አንዲት ሴት በሠራችው ድረ ገጽ ላይ ስለ ባልደረቦቿ ጻፈች። ተንኮል የለበትም፤ አንዷ እግሯን ተጎድታ በከፊል ሥራ ላይ መሆኗን ነበር የጠቀሰችው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ማንም ሊያየው የሚችል ቦታ ላይ የተጻፈ ነገር የቤት ጉዳይ አይባልም አለ፤ እግሯን መታመሟም የጤና መረጃ ነው አለ። በ2014 በተፈረደ ሌላ ጉዳይ ደግሞ አንድ የቼክ ሪፐብሊክ ሰው ቤቱ ላይ ካሜራ ሰቅሎ ነበር፣ መስኮቱን ይሰብሩበት ስለነበር። ካሜራው መንገዱንም የጎረቤቱንም መግቢያ ያይ ነበርና ይህም ከቤት ጉዳይ ውጭ ነው ተባለ። ራስን መከላከል እንደ ምክንያት ሊታይለት ይችላል፣ ሕጉ ግን አይመለከተኝም ማለት አይችልም።

ይህን የማነሣው በየግሩፑ ገንዘብ የተበደረን ሰው ፎቶና መታወቂያ የሚለጥፉትን እያሰብኩ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የእናንተ መብት እውነት ነው፣ ሰውየው ገንዘባችሁን ይዟል። መታወቂያውን ለሦስት መቶ ሰው ስትበትኑ ግን በእናንተ ላይ አዲስ መዝገብ ተከፈተ። አበዳሪ መተግበሪያዎችም ተበዳሪው ስልክ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ እየደወሉ «እገሌ ሌባ ነው» ሲሉ እንዲሁ ነው። በ2023 የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር እንዲህ ያደረገ ዲጂታል አበዳሪን ቀጥቷል። ቅጣቱ የተበዳሪዎቹን ብድር አልሰረዘም።

ወዳጄን ያልኩት ይህን ሁሉ አይደለም፤ በስልክ ይህን ሁሉ የሚሰማ የለም። አንድ ነገር ብቻ ነው የነገርኩት፦ ሰርዙልኝ ከማለት ይልቅ ስለ እኔ የያዛችሁትን ሁሉ ቅጂ ስጡኝ በላቸው። ይህም መብት ነው፣ በአብዛኛው በነፃ ነው፣ በአውሮፓው ደንብ በ1 ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ማስፈራሪያ የሌለበት፣ አራት መስመር ደብዳቤ።

ሳምንታት ቆይቶ ፋይሉ መጣለት። ውስጡ የማያውቀው የስልክ ቁጥር በእሱ ስም ተመዝግቧል፣ ድሮ የተወው አድራሻ አለ፣ የመታወቂያው ፎቶ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። ከታች የክፍያ ዝርዝሩ አለ፤ አንድ የመዘግየት ቅጣት ሁለቴ ተቆጥሮበታል። እሱን ተቃወመ፣ ተቀነሰለት። የካሳ ጥያቄውን ለብቻው አስገብቷል፣ መልስ እየጠበቀ ነው። ብድሩን በየወሩ ይከፍላል።